ሾፌሩም በእግሩ ይሂድ

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ጧት ወደ መሥሪያ ቤትዎ ወይም ወደ ትምህርት ቤትዎ የመጡት በሚኒባስ ታክሲ ከሆነ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ መኪና ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ ሲሠሩ አይተዋል። አንደኛው መሪውን ጨብጦ ተቀምጧል። ሁለተኛው፣ ማለት ረዳቱ፣ በር ይከፍታል፤ በር ይዘጋል፤ ይወርዳል፤ ይወጣል፤ የሰፈር ስም እየጠራ ተሳፋሪ ይሰበስባል፤ ጎንበስ ብሎ ሒሳብ ይቀበላል፤ መልስ ይሰጣል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጢስ ሲተነፍሱ ይውላሉ፤ ምሳቸውንም ብዙ ጊዜ በአንድ ገበታ ይበላሉ። ማታ ሲለያዩ ግን የረዳቱ እግር ሲሮጥ የዋለ እግር ነው፤ የሾፌሩ እግር ከፍሬን፣ ከፍሪሲዮንና ከነዳጅ መስጫው በቀር የረገጠው ነገር የለም።

ይህ ልዩነት በሰው ዕድሜ ላይ ምን ያመጣል ብሎ የጠየቀ፣ ጠይቆም ዝም ያላለ፣ ቆጥሮ የመረመረ አንድ የእንግሊዝ ሐኪም ነበር። ስሙ ጄሪ ሞሪስ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር በድንገተኛ የልብ ሕመም የሚሞቱ ወንዶች ቁጥር እየበዛ ሄዶ ነበር፤ ምክንያቱን በእርግጥ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ሞሪስና ባልደረቦቹ ምናልባት ምክንያቱ ከሰዎቹ ሥራ ይገኝ ይሆናል ብለው ተነሡ። ለዚህ ምርመራ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ እጅግ የተመቸ ሆኖ አገኙት፤ በእያንዳንዱ አውቶቡስ ላይ፣ ልክ እንደ እኛ ሚኒባስ፣ ሁለት ሠራተኞች ነበሩና። ሾፌሩ ከሥራ ሰዓቱ ከመቶ ዘጠናውን እጅ ተቀምጦ ያሳልፋል። ትኬት ቆራጩ ግን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ሲመላለስ በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣል።

ውጤቱ በ1953 ላንሴት በሚባለው የሐኪሞች መጽሔት ላይ ታተመ። ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 ዓመት ከሆኑት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ በልብ ሕመም የተያዙት፣ ከሾፌሮቹ በ1,000 ሰው 2.7፣ ከትኬት ቆራጮቹ ደግሞ በ1,000 ሰው 1.9 ሆነው ተገኙ። ሕመሙ በያዛቸውም ጊዜ ቶሎ የመሞቱ ነገር በሾፌሮቹ ላይ የበረታ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ መስሎ ከታየዎት አንድ ጊዜ ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። ከ35 እስከ 64 ያለው ዘመን 30 ዓመት ነው። በደምሳሳው ቢያባዙት ከ1,000 ሾፌሮች 81፣ ከ1,000 ትኬት ቆራጮች 57 ሰዎች ማለት ነው። በመካከሉ ያሉት 24 ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው ሚስትና ልጆች ያሏቸው፣ አንድ አውቶቡስ ውስጥ ከአንዱ መቀመጫ ወደ ሌላው ሥራ ባለመዛወራቸው የታመሙ ይመስላሉ።

«ይመስላሉ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ከመጀመሪያውኑ ወፍራም የሆነ ሰው መቀመጫ ያለውን ሥራ መርጦ እንደ ሆነስ? ይህን ጥያቄ ሌሎች ከማንሣታቸው ይልቅ ሞሪስና ባልደረቦቹ ራሳቸው አንሥተው በአንድ አስቂኝ በሚመስል መንገድ መረመሩት። የአውቶቡስ ሠራተኞች የደንብ ልብስ ይሰጣቸዋል፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው የወገብ ልክ ይጽፋል። መዝገቡን አስወጥተው የሱሪውን ወገብ ሲያነጻጽሩ፣ በየዕድሜው የሾፌሮቹ ሱሪ ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ። ይህንንም በ1956 በዚያው መጽሔት አተሙት። እንግዲህ ከልዩነቱ ከፊሉ ሰውየው ይዞት የመጣው ሊሆን ይችላል። የራሱን ግኝት እንዲህ አድርጎ የሚፈትን ሰው ሲናገር ጆሮ መስጠት ይገባል። ሞሪስም አውቶቡሱን ትቶ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ ያው ነገር ተከተለው፤ በእግሩ ደብዳቤ የሚያድለው ፖስተኛ፣ በወንበር ላይ ከሚውሉት የፖስታ ቤት ጸሐፊዎችና ስልከኞች ይልቅ ልቡ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ለእርስዎ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ለሆኑት አንባቢ። ሞሪስ ቀጥሎ የመረመረው እርስዎን የመሰሉትን ነው። ወደ 17,000 የሚሆኑ የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞች፣ ሁሉም ጠረጴዛ ላይ የሚውሉ፣ ባለፈው ዓርብና ቅዳሜ ምን ሲሠሩ እንደዋሉ ሰኞ ጧት እንዲጽፉ ተደረገ። በ1973 ውጤቱ ሲወጣ፣ በዕረፍት ጊዜያቸው ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ የሚያደርጉት በልብ ሕመም የመያዛቸው ዕድል ከሌሎቹ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ ስለ ሾፌር የምጽፈውን ሁሉ ስለ ራስዎ እንደ ተጻፈ አድርገው ቢያነቡት ቅር አይለኝም። ሰውየው ራሱ እስከ 2009 በሕይወት ቆይቶ በ99 ዓመቱ አረፈ።

የለንደኑ ትኬት ቆራጭ ግን ቀድሞት ሄደ። ትኬት ቆራጭ በደረጃው ሲወጣና ሲወርድ ይታይበት በነበረው በመጨረሻው መደበኛ መሥመር፣ በቁጥር 159፣ የቆራጩ ሥራ በታኅሣሥ ወር 2005 ተቋረጠ። በብዙ አገር እንዲሁ ሆኗል፤ ቆራጩ በማሽን ተተካ፤ ሾፌሩ ግን ብቻውን እዚያው ተቀምጧል።

መቀመጥ በራሱ ምን ክፋት አለው? ቢሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰውነታችን ትልልቆቹ ጡንቻዎች የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች ናቸው። እነዚህ በሚሠሩበት ጊዜ ከደም ውስጥ ስኳርና ስብ እየሳቡ ያቃጥላሉ፤ ሥራ ሲፈቱ ስኳሩም ስቡም በደም ውስጥ ይቆያል። የባት ጡንቻ ደግሞ በተኮማተረ ቁጥር ደምን ከእግር ወደ ልብ የሚገፋ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ቆሞ ሲውል ፈሳሽ ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ጧት የተመቸው ጫማ ማታ ሲጠበው ያየዋል፤ ስለ ደም ዝውውር መጽሐፍ አላነበበም፤ ጫማው ግን ነግሮታል።

እንግዲያስ «ስፖርት ሥራ» እንበለዋ! እንላለን፤ ብለነዋልም። ሐኪሙ ይለዋል፤ ሚስቱ ትለዋለች፤ ራዲዮ ይለዋል። ሾፌሩ ደግሞ ነገሩን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ነገር ግን የቀኑን አኳኋን ይመልከቱ። የከተማው ታክሲ ነጂ ገና ሳይነጋ ይነሣል፤ በየቀኑ ለባለ መኪናው የሚያስገባው የተወሰነ ሒሳብ ስላለ፣ የቆመባት እያንዳንዷ ደቂቃ ከራሱ ኪስ የምትወጣ ትመስለዋለች። የጂቡቲ መሥመር ሾፌር፣ የአገራችንን የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛውን የሚያመላልሰው ሰው፣ ከአዋሽ ወዲያ ሲሻገር ከ40 ዲግሪ በላይ የሚደርስ ሙቀት ይጠብቀዋል፤ በቀትር ውጣና ተራመድ ቢሉት የሚመክሩት አይመስለውም፤ የሚቀልዱበት ይመስለዋል። ማታ ደግሞ የሚያስበው ስለ እንቅልፍ ነው። ስለዚህ ምክር ብቻውን ከሾፌር ጆሮ አልፎ ወደ እግሩ አይወርድም።

ወደ እግሩ እንዲወርድ ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ቆጣሪ መሣሪያ ነው። የእርምጃ ቆጣሪ ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር በአንድ ቦታ ይገናኛል። በጥቅምት ወር 1964 አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ፣ የጃፓን ሕዝብ ስለ ስፖርት የነበረው ፍቅር በዚያው ኦሊምፒክ ተቀስቅሶ ነበር። በዓመቱ፣ በ1965፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ በወገብ ላይ የሚንጠለጠል እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ አወጣ፤ ስሙንም «ማንፖ ኬይ» አለው፤ ትርጉሙ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ዛሬ በየስልኩና በየእጅ ሰዓቱ ላይ የምናየው 10,000 የሚባለው ቁጥር የመጣው ከዚህ የዕቃ ስም ነው። ከላቦራቶሪ የወጣ ቁጥር አይደለም። ሾፌርን ከሚያስፈሩት ነገሮች አንዱም ይኸው ቁጥር ይመስለኛል፤ 2,000 ለሚራመድ ሰው 10,000 ማለት «ተወው» ማለት ነው። በ2019 ከ16,000 በላይ አረጋውያን ሴቶችን የመረመረ የአሜሪካ ጥናት፣ በቀን ወደ 4,400 የሚራመዱት 2,700 ያህል ከሚራመዱት ይልቅ በጥናቱ ዘመን የመሞታቸው ዕድል በብዙ ያነሰ መሆኑን፣ ጥቅሙም ወደ 7,500 ሲጠጋ መጨመሩን እንደሚያቆም አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ በሳምንት ከ150 ደቂቃ ጀምሮ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይበቃል፤ አጫጭሩም እንቅስቃሴ ቢሆን ይቆጠራል ብሏል።

የጥንቱ ቆጣሪ ውስጡ ሲራመዱ የምትወዛወዝ ትንሽ ፔንዱለም ነበረችው። የዛሬው የሰውነትን መናወጥ የሚለካ ከጥፍር ያነሰ ነገር በውስጡ አለው፤ ንዝረቱን አይቶ «ይህ እርምጃ ነው፤ ይህ አይደለም» ብሎ ይፈርዳል። ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ላይ አንዳንዴ ፍርዱን ሊስት እንደሚችል ሾፌር የሆነ ሰው ልብ ቢል ይጠቅመዋል፤ ተቀምጦ የተራመደ ብሎ የሚመሰክርለት መሣሪያ ሊያጋጥመው ይችላልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን መሣሪያ ለሾፌር ብንሰጠው ይራመዳል? በእንግሊዝ አገር የሌስተርና የሎፍቦሮ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ይህንኑ በትክክል ፈተኑት። በ25 የጭነት መኪና ጣቢያዎች የሚሠሩ 382 የረጅም መንገድ ሾፌሮችን መዘገቡ፤ ጣቢያዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። የአንዱ ወገን ሾፌሮች እንደ ወትሮአቸው ተተዉ። ለሌላው ወገን ግን ስድስት ሰዓት የሚፈጅ ትምህርት በቡድን ሆነው እየተወያዩ ተሰጣቸው፤ እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ታደላቸው፤ መኪናው ቆሞ ሳለ በሾፌሩ ክፍል ውስጥ ሆነው ክንድና ትከሻቸውን የሚያሠሩበት የላስቲክ ገመድና ኳስ ተሰጣቸው፤ ከዚህም ሌላ የሚከታተላቸውና የሚያበረታታቸው አሠልጣኝ ተመደበላቸው።

ውጤቱ በ2022 ታተመ። በስድስተኛው ወር ሲመዘኑ፣ ትምህርቱን ያገኙት ሾፌሮች ከሌሎቹ በአማካይ በቀን 1,008 እርምጃ በልጠው ተገኙ። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ከ16 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ እንደገና ሲመዘኑ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በመካከሉ የኮሮና ወረርሽኝ ገብቶ የሰዉን ኑሮ ሁሉ እንዳናወጠው መርሳት አይገባም፤ ቢሆንም ሰዓቱ በእጃቸው ነበረ፤ ላስቲኩም አልተበጠሰም። የቀዘቀዘው ሌላ ነገር ነው።

ያ ሌላ ነገር ምን እንደ ሆነ ሁለት የአሜሪካ ጥናቶች ፍንጭ ይሰጡናል። ሁለቱም የታተሙት በ2016 ነው። የመጀመሪያው በፒትስበርግ የተደረገ ሲሆን፣ በእርስዎ ዕድሜ ያሉ፣ ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆናቸው፣ ክብደት ለመቀነስ የፈለጉ 471 ሰዎችን ያየ ነው። ሁሉም ምክር ያገኙ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ለግማሾቹ እንቅስቃሴ የሚቆጥር መሣሪያ ተጨመረላቸው፤ ግማሾቹ የሚሠሩትን ራሳቸው እየመዘገቡ ቀጠሉ። በሁለት ዓመቱ መሣሪያ የሌላቸው 5.9 ኪሎ ሲቀንሱ፣ መሣሪያ ያላቸው 3.5 ኪሎ ብቻ ቀነሱ። መሣሪያው ሰነፍ አደረጋቸው ብሎ ለመፍረድ ማስረጃ የለኝም፤ መሣሪያ ማሰር ከመራመድ ጋር አንድ አለመሆኑን ግን በደንብ ያሳያል።

ሁለተኛው ስለ ሾፌሮች ነው። በኦሪገን የሚገኙ ተመራማሪዎች በ22 ጣቢያዎች የሚሠሩ 452 የጭነት መኪና ሾፌሮችን ይዘው ተነሡ። ሾፌር መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ስለ ሆነ በአዳራሽ መሰብሰብ አይቻልም፤ ስለዚህ ትምህርቱን በኮምፒዩተር አደረጉት፤ ከዚያ በላይ ግን እርስ በርሳቸው በውድድር እንዲገናኙ አደረጓቸው፤ ሳያዝዝና ሳይቆጣ እየጠየቀ የሚያነጋግራቸው አማካሪም ነበራቸው። በስድስት ወር ውስጥ እነዚህ ክብደት ሲቀንሱ፣ ያልተሳተፉት ጨመሩ፤ በመካከላቸው የታየው ልዩነት ሦስት ኪሎ ገደማ ነበር።

ነገሩን በእኛ ቋንቋ ለመናገር ዕቁብን ማሰብ ይበቃል። ሰው ገንዘቡን በቤቱ ሣጥን ውስጥ ማጠራቀም ይችል ነበር፤ ሣጥኑም አይሰርቀውም። ነገር ግን ሣጥኑ «ለምን ቀረህ?» ብሎ አይጠይቀውም፤ የዕቁብ ዳኛ ግን ይጠይቀዋል። በእጅ ላይ የታሰረው ሰዓት ሣጥን ነው፤ ይይዛል እንጂ አይጠይቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለውም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። አብረው ዕቁብ የሚጥሉ የአንድ መሥመር ታክሲ ነጂዎች በየማታው የየራሳቸውን እርምጃ በስልካቸው ቢለዋወጡ፣ ትናንት 900 የነበረው ዛሬ 1,500 ሆኖ ሲመጣ ቢያጨበጭቡለት፣ ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ዛሬ በብዙው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ተራ አስከባሪውም ለዚህ ጉዳይ የተፈጠረ ሰው ይመስለኛል፤ ተራው እስኪደርስ የሚጠብቀውን ሾፌር በስም ያውቀዋል፤ ድምፁም ከሩቅ ይሰማል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ የሚነዱ ብዙ ወገኖቻችንም አሉ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቁ የሚያሳልፉት ሰዓት የተቀመጡበት ሰዓት ነው። እዚህ ያለ ታናሽ ወንድም በስልክ ሲያገኘው «ገንዘቡ ደረሰን» ካለ በኋላ «ዛሬ ስንት ተራመድክ?» ብሎ ቢጨምር ምንም አይጎዳውም።

ስልክም ሰዓትም የሌለው ሰው ምን ያድርግ? መኪናው አለው። ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ቁመቱ 18 ሜትር፣ ስፋቱ 2.5 ሜትር ያህል ነው። ግማሽ ሜትር ርቀው አንድ ጊዜ ቢዞሩት 45 ሜትር ይሆናል፤ እርምጃዎ 70 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 64 እርምጃ ማለት ነው። የእንግሊዞቹ ሾፌሮች የጨመሩት 1,008 እርምጃ እንግዲህ መኪናን 16 ጊዜ መዞር ነው፤ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ሚኒባስ አጠር ስለሚል አንድ ዙሩ 25 እርምጃ ያህል ነው፤ 40 ጊዜ ይዞሯል። ሾፌር ለጉዞ ከመነሣቱ በፊት ጎማ እየመታ አንድ ጊዜ መዞር ልማዱ ነው፤ የቀሩት አሥራ አምስቱ ናቸው። ዙሩን ለመቁጠር 16 ጠጠር ወይም የክብሪት እንጨት ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ማሳለፍ ይበቃል። በጋላፊ በኩል የሚያልፍ ሰው ይህን በማለዳና ከመሸ በኋላ ያድርገው፤ ቀትሩን ለጥላ ይተወው።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ ሳልናገር አላልፍም። መሪ ይዘው እየነዱ ቆጣሪ የሚያዩ፣ ላስቲክ የሚስቡ፣ በስልክ ውጤት የሚለዋወጡ ካሉ፣ ልባቸውን ለማዳን ሲሉ የሰው ነፍስ እንዳያጠፉ፤ ይህ ሁሉ መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ነው። ሲራመድ ደረቱን የሚያፍነው ወይም የሚጫነው ሰው፣ አንድ እግሩ ብቻ አብጦ የሚያመው ሰው፣ ውድድሩን ትቶ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የስኳር ሕመምተኛም መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አስቀድሞ ከሐኪሙ ይመካከር።

ሌላም ነገር አለ፤ በዚህ ላይ አሠሪዎች ባይወዱኝም እናገራለሁ። የእጅ ሰዓቱን ገዝቶ የሚያድለው አሠሪ ከሆነ፣ ቁጥሩን የሚያየው ማን ነው? ሾፌር የት እንደ ደረሰና የት እንደ ቆመ ጂፒኤስ የሚባለው መሣሪያ ሲናገርበት ኖሯል። አሁን ደግሞ ስንት እንደ ተራመደ፣ ልቡ ስንት ጊዜ እንደ መታ፣ ስንት ሰዓት እንደ ተኛ የሚናገር ሁለተኛ መሣሪያ በእጁ ላይ ሲታሰር ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የታመመ መስሎ ከታየ ከሥራ ይቀነስ ይሆን? ለመራመድ የወረደባት አሥር ደቂቃ ከደመወዙ ትቆረጥ ይሆን? የልብ ምቱ የራሱ ነው፤ ቁጥሩም የራሱና እሱ የመረጣቸው ጓደኞቹ ሊሆን ይገባል። አሠሪ በእርግጥ መርዳት ከፈለገ ከሰዓቱ በፊት የሚሰጠው ጊዜ አለ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የጭነትና የአውቶቡስ ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ የ45 ደቂቃ ዕረፍት ማድረግ ግዴታው ነው፤ እንዲህ ያለ ዕረፍት በስምሪቱ ላይ ካልተጻፈ፣ ሰዓት ማደል የሌለን መንገድ እንዲለካ መስጠት ነው።

ስምሪቱን የሚጽፈው ደግሞ ማን ነው? ብዙ ጊዜ ሚኒስትሩ አይደለም፤ ዲሬክተሩም አይደለም፤ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ምናልባትም ይህን መጽሔት በምሳ ሰዓት የሚያነበው። የመሥሪያ ቤት ሾፌር ሥራው ከመንዳት ይልቅ መጠበቅ ነው። አለቃው ወደ ስብሰባ ይገባል፤ ሾፌሩ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ሰዓት ያልፋል፤ ሁለት ሰዓት ያልፋል፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ያጋድማል፤ ጋዜጣ ያነባል፤ ይተኛል። ወርዶ እንዳይራመድ የያዘው ስንፍና አይደለም፤ አለቃው በድንገት ወጥቶ መኪናውን ባዶ ቢያገኘው የሚደርስበትን ያውቃል።

ስለዚህ የስብሰባው አጀንዳ በእጅዎ ላይ ካለ፣ መቼ እንደሚያልቅም ከሾፌሩ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁ፣ ወደ መኪናው ጠጋ ብለው «ጋሼ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አንወጣም፤ ቀደም ብሎ ካለቀ እደውልልዎታለሁ» ይበሉት። ከዚያም ቀደም ብሎ ካለቀ፣ በእውነት ይደውሉለት።